አንድ ወገኑ ያለቀው ደወል

ባለፈው ወር የአክስቴ ልጅ ልጇን ስትድር፣ ከተማችን ውስጥ፣ ሴቻ ሰፈር ላይ ሐይቆቹን ቁልቁል ከሚያይ አንድ ሆቴል ተጠርቼ ነበር። ምሳው እስኪቀርብ ወዲያ ወዲህ ስል፣ ከእንግዳ መቀበያው አጠገብ በመስታወት ሣጥን ውስጥ አንድ የነሐስ ፋኖስ አየሁ። አረንጓዴ ዝገት ወርሶታል። ከሥሩ ባለው ካርድ ላይ «በጦርነቱ ዘመን ከባሕር ኃይል ጀልባ የተገኘ፤ እውነተኛነቱ በባለሙያ የተረጋገጠ» ይላል። ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ። ስንት ዓመት አልፎ ደሜ እንደ ያኔው ፈላ። ፋኖሱን አውቀዋለሁ፤ የት ተቀብሮ እንደከረመም አውቃለሁ። ባለሙያውንም አውቀዋለሁ፤ የእናቴን ምግብ በልቷል።

አባቴ ባሕረኛ ነበር። ይህን ስናገር ዛሬም ሰው ፈገግ ይላል፤ የመንደራችን የላንቴ ሰው ሙዝ ያለማል እንጂ ከባሕር ምን አገናኘው? እሱ ግን በጎረምሳነቱ ተመልምሎ ምጽዋ ወርዶ፣ በአንዲት ትንሽ የጥበቃ ጀልባ ላይ ዓመታት አገልግሏል። እኔም የተወለድኩት እሱ እዚያ ሳለ ነው። ጦርነቱ ሊያበቃ ሲል ጀልባዋ ተመታች። ከአሥራ አንዱ ሰው ሰባቱ እዚያው ቀሩ። የተረፉት አራቱ ጀልባዋን እንደምንም ዳር አደረሷት፤ አባቴ ደወሏን ፈትቶ በሹራቡ ጠቀለለና እሱኑ ታቅፎ ላንቴ ገባ። ሌላ ያመጣው ነገር ቢኖር ቋጠሮ ነው። የሙዝ ዘለላ ሲያስር፣ ጥጃ ሲያስር፣ ሌላው ሰው ታግሎ የማይፈታት፣ እሱ ግን ጫፏን ሳብ አድርጎ የሚፈታት ቋጠሮ ነበረችው።

ሰፈሩ «ካፒቴን» ይለዋል፤ ለክብር እንዳይመስላችሁ። በተለይ ጎረቤታችን ጋሽ ባልቻ፣ የመስኖው ውሃ ሞልቶ ማሳችን በገባ ቁጥር ከአጥሩ ማዶ ይጮኻል።

«ካፒቴን! ሙዝህ ሳይሰምጥ መልሕቅ ጣል እንጂ!»

«አንተ መዋኘት የማትችለው ለራስህ እወቅበት!» ይለዋል አባቴ እየሳቀ።

ደወሉ ላይ ግን ቀልድ የለም። ከጓዳው በር አጠገብ፣ ግድግዳውን ተጠግቶ ተሰቅሏል። አባቴ ጠዋት ጠዋት ወደ ማሳ ከመውረዱ በፊት በሎሚና በአመድ ይወለውለዋል። ጀልባዋ ላይ ቀኑ የሚጀመረው እንደዚያ ነበር፤ ነሐስ ደብዝዞ ከተገኘ የዕለቱ ተረኛ ይቀጣል። ልጅ ሆኜ አንድ ነገር ገረመኝ። ደወሉን ፊደል ዙሪያውን ከቦታል፤ በግድግዳው በኩል ያለው ትናንት የተቀረጸ ይመስላል፤ ወደ እኛ የዞረው ግን አልቆ፣ በጣት ካልዳበሱት አይገኝም።

«በዚያኛው በኩል ግድግዳ ነበር፣ ማርታዬ» አለኝ አባቴ ስጠይቀው። «ጀልባዋም ላይ እንዲህ ነበር የተሰቀለው። እጃችን የሚደርሰው በዚህ በኩል ብቻ ነው። ይህን ፊደል የበላው እጅ ነው፤ የገብሩ፣ የለማ፣ የእኔም።»

ሚሊኒየሙ በተቃረበበት ዓመት፣ አንድ ባለሙያ የባሕረኞችን ቅርስ እየሰበሰበ ነው፣ አዲስ አበባ ላይ ለሕዝብ ሊያሳይ ነው የሚል ወሬ ደረሰን። እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ትምህርቱን ስድስተኛ ክፍል ላይ ትቼ፣ በምዕራብ ዓባያ መንገድ ዳር ለአውቶብስ ተሳፋሪ ሙዝና ማንጎ እሸጣለሁ። ጋዜጣም መጽሐፍም ያገኘሁትን ሁሉ የማነበው እዚያው ጥላ ሥር ነው። አባቴ ወሬውን ሲሰማ ሙሽራ መሰለ። ያንን ሁሉ ዓመት ካፒቴን እየተባለ ሲስቅ፣ በልቡ የያዘውን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። የደብተር ወረቀት አስቀድዶ የሰባቱን ስም ከነአባታቸው አስጻፈኝ።

«መቃብር የላቸውም» አለኝ። «ደወሉን ይውሰዱት፣ ይኸው። እነዚህ ከጎኑ ይጻፉልኝ እንጂ ሌላ አልጠይቅም።»

ሰውየው የመጣው በበልግ፣ ዝናቡ መንገዱን አጨቅይቶት ሳለ ነው። ሾፌሩ «ዶክተር» ይለዋል፤ የምን ዶክተር እንደሆነ አልተነገረንም። እናቴ ፎሰሴውን፣ ያንን የእኛን የበቆሎ ድብልብል፣ ከሽፈራው ቅጠል ጋር ቀቅላ በዳጣ አቀረበች። ዳጣው አቃጥሎት ዓይኑ እያነባም ሁለት ጊዜ አስጨመረ። ጎረቤቱ አጥሩ ላይ ተደርድሯል። እኔ ደግሞ ያን ጠዋት አባቴን ቀድሜ ተነስቼ፣ ለእንግዳ ክብር ብዬ ደወሉን ፊት እስኪያሳይ ወልውዬው ነበር።

እጁን ታጥቦ ነጭ ጓንት አጠለቀ። ማጉያ መነጽር አወጣ። አባቴ እጁን ከጎኑ ሰብስቦ፣ ደረቱን ነፍቶ እንደ ሰልፈኛ ቆመ፤ እስኪጠየቅ እየጠበቀ። አልተጠየቀም።

«ይሄ አዲስ ሥራ ነው» አለ ሰውየው ለሾፌሩ። «የባሕር ዕቃ አረንጓዴ ዝገት ይይዛል፤ ይሄ ያብለጨልጫል። ደግሞ እየው፣ በዚህ በኩል ፊደሉ ስል ነው፣ በዚያ በኩል ተፍቋል። ያረጀ ለማስመሰል በሞረድ ፍቀውት፣ ሲደክማቸው ትተውታል።»

ትዕግሥቴ አለቀ። «ባለቤቱ እኮ እዚህ ቆሟል፣ ለምን አይጠይቁትም? የትኛው ባሕረኛ ነው ነሐሱ እስኪሻግት ዝም የሚል? በዚያ በኩል ግድግዳ ስለነበር...»

«የኔ እህት፣ የት ነው የተማርሽው?»

«ሙዝ ተራ!»

ሾፌሩ ሳቀ። ሰውየው ጓንቱን እያወለቀ፣ «እንግዲያው ሙዙን ለአንቺ፣ ቅርሱን ለእኛ ብንተወው ጥሩ ነው» አለ።

አባቴን አየሁት። ደረቱ ወርዷል። «ተዪው፣ ማርታ» አለ በዝግታ።

ከአጥሩ ማዶ የጋሽ ባልቻ ድምፅ ሲመጣ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ አሁን ደግሞ ሊጨርሰው ነው ብዬ።

«ስማ፣ አንተ ሰውዬ! በካፒቴን መሳቅ የእኛ ነው፤ ስንስቅበት ኖረናል። ውሸታም ያለው ግን ከመካከላችን አንድም የለም። ሰው የምታዋርደው ቤቱ ገብተህ፣ በልተህ ስትጠግብ ነው?»

ሰውየው ሰዓቱን አየ። እናቴ እንግዳ ባዶ እጁን አይሸኝም ብላ አንድ ዘለላ ሙዝ መኪናው ላይ አስጫነች። የስሞቹን ወረቀት እኔው ራሴ እጁ ላይ አኑሬለት ነበር። ሲሄድ ሙዙን ወሰደ፤ ወረቀቱን በርጩማው ላይ ተወው።

ሰውየው በዚያው ሳምንት ሲቀላ ሰፈር ካለ አንድ ነጋዴ፣ ሆቴሉ ውስጥ ያየሁትን ያንን ፋኖስ «ድንቅ ግኝት» ብሎ ተቀበለ፤ ፎቶውንም ያኔ በጋዜጣ አየሁት። ከዓመታት በኋላ የነጋዴው ሚስት ከእኔ ማንጎ እየመረጠች እየሳቀች አጫወተችኝ። ከቁራሌው የገዙትን ፋኖስ በጨው ለውሰው ፍየል ጋጣ ውስጥ አራት ወር ቀብረውታል። «አረንጓዴ ሆኖ ሲወጣ እኛም ደነገጥን!» አለችኝ። እኔ አልሳቅሁም።

ባለሙያው በሄደ ማግስት አባቴ እንደ ወትሮው ሎሚ ሲቆርጥ አገኘሁት።

«አባ፣ ተወው በቃ። ይሻግት። ያኔ ያምኑናል» አልኩት በንዴት።

ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «ዛሬ ተረኛው እኔ ነኝ» አለ።

ባለፈው ወር የሠርጉን ምሳ ሳልቀምስ የሆቴሉን ሥራ አስኪያጅ አስጠርቼ፣ ይህ ፋኖስ ከፍየል ጋጣ በቀር ባሕር አይቶ አያውቅም አልኩት። ጠጅ የያዘኝ መስሎት፣ «እትዬ፣ አረፍ ይበሉ» ብሎ ወንበር ሳበልኝ። አሁንም የሚያንገበግበኝ ፋኖሱ መስታወት ውስጥ መቀመጡ አይደለም፤ በዚያች ካርድ ላይ ሰባት ስም በደንብ ይበቃ ነበር።

አባቴ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው። ጋሽ ባልቻ በቀብሩ ላይ «ካፒቴኔ!» እያለ ከሁላችንም በላይ አለቀሰ። ደወሉ እኔ ቤት ነው፤ እንደ ድሮው ግድግዳ ተጠግቶ፣ ያው ወገኑ ወደ ውጭ ዞሮ። የስሞቹን ወረቀት በፕላስቲክ አስለብጄ ከሥሩ ሰቅዬዋለሁ። ከሠርጉ ማግስት ጠዋት ሎሚ ቆረጥኩ፣ አመድ ነፋሁ። ጣቴን አሳልፌ ዳበስኩት፤ ፊደሉ በጣትም መገኘቱ እየቀረ ነው። በወለወልኩት ቁጥር ሐሰተኛ የሚያሰኘኝን እየጨመርኩ እንደሆነ አውቃለሁ። ይበሉ! ገብሩ ብዬ ጀመርኩ፣ ለማ ብዬ ቀጠልኩ፣ ሰባቱንም እስክጨርስ ወለወልኩት። ተረኛዋ እኔ ነኝ።