እህቴና የአሴቶኑ ሽታ

እህቴ ሽታ ጠላች። በእኛ ዘንድ ያገባች ሴት ሽታ ጠላች ከተባለ ሌላ የሚጠየቅ ነገር የለም፤ ወሬው በድሬ ከከዚራ ሰፈር ተነስቶ ሳቢያን ሰፈር እስኪደርስ ፀሐይ አትጠልቅም። እሷ የጠላችው ግን የሽንኩርት ወይም የሥጋ ሽታ አልነበረም። ቀኑን ሙሉ ስትምገው የምትውለውን የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ፣ አሴቶኑን ነው። ይህን ልብ ያለ ሰው አልነበረም።

ዘመኑ የደርግ ነው። ሁለታችንም ከዚራ ውስጥ በአንድ የሴቶች ፀጉር ቤት እንሠራ ነበር፤ እኔ ፀጉር አጥባለሁ፣ እሷ ጥፍር ትሠራለች። የጥፍር ቀለሙም አሴቶኑም ከጅቡቲ በባቡር ተደብቆ የሚመጣ ነው። ኮንትሮባንድ የሚያሳድደው ፊናንስ ፖሊስ ዕቃውን የያዘበት ሰሞን አሠሪያችን ከመኪና ቀለም ቀቢዎች ቲነር ታስመጣና በአሴቶኑ ጠርሙስ ትገለብጠዋለች። ቲነሩ ቀለሙን ከነቆዳው ያነሳዋል። የእህቴ ጣቶች ጫፋቸው ተሰነጣጥቆ ጨው መንካት አቅቷት ነበር።

ደንበኞቻችን አብዛኞቹ ሙስሊሞች፣ የነጋዴ ሚስቶች ነበሩ። ሻሻቸውን ስለሚያወልቁ በሩ ይዘጋል፣ መስኮቱ ላይ ወፍራም መጋረጃ ይወርዳል። ለሠርግ ጥፍራቸውን ይቀባሉ፤ ሠርጉ ባለፈ ማግስት ተመልሰው ይመጣሉ። ቀለም ባለበት ጥፍር ውዱእ፣ የሶላት ትጥበቱ፣ አይሆንም፣ ያለ ውዱእ ደግሞ ሶላት የለም። ስለዚህ እህቴ ከምትቀባው የምታስለቅቀው ይበልጥ ነበር። የድሬን ሙቀት የቀመሰ ያውቀዋል፤ በዚያ ሙቀት የተዘጋ ክፍል፣ አፉን የከፈተ ጠርሙስ፣ የራሰ ጥጥ በየሳህኑ። ቬንትሌተሩ ሽታውን ከጥግ ወደ ጥግ ያዞረዋል እንጂ አያወጣውም። ማታ የምበላው ሁሉ አሴቶን አሴቶን ይለኝ ነበር።

እህቴ ካገባች ዓመታት ቢያልፉም አልወለደችም። ባሏ የባቡር ጥገና ሠራተኛ ነው፤ ሚስቱን የሚወድ፣ እናቱን የሚፈራ። እናቱ ደግሞ እህቴ በቁሟ እያለች ሌላ ሚስት ትፈልግለት ነበር፤ ያውም በሹክሹክታ አይደለም፣ እህቴ ሳህን ስታነሳ እየሰማቻት «የጎረቤታችን ልጅ ደርሳለች» ትለዋለች። አፈሩ ይቅለላትና ያቺን ሴትዮ እስከ ዛሬ አልወዳትም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ እህቴ የአንዲት ጨርቅ ነጋዴን ጥፍር ስታስለቅቅ ድንገት ጥጡን ጥላ ወደ ጓሮ ሮጠች። ማስመለሷ እኛ ድረስ ይሰማል። ነጋዴዋ እርጥብ ጣቶቿን እንደዘረጋች ፈገግ አለች።

«ወላሂ፣ ይቺ ልጅ ብቻዋን አይደለችም» አለች።

የወር አበባዋም ቀርቶ ስለነበር ነገሩ አለቀለት። አማቷ ምላሷ ማር ሆነ፤ ፓፓያ ትልካለች፣ እንስራ እንዳታነሺ ትላለች። ባሏ ጠዋት ጠዋት እስከ ፀጉር ቤቱ ደጃፍ ይሸኛት ጀመር። እህቴ እየከሳች ትስቅ ነበር። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

ነገሩ እኔን ግን ከነከነኝ። ማዞሩና ራስ ምታቱ እኔም ላይ ነበር፤ እኔ ደግሞ ባል የለኝም። ከዚህም በላይ በየጁምዓው፣ አሠሪያችን ቤቱን በምትዘጋበት ዓርብ ቀን፣ እህቴ ትበላለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ ምንም አይላትም። ቅዳሜ ጥጡን ስትይዝ ይጀምራታል። ሆዴ አልችል ብሎ አንድ ቀን ልብስ ስታጥብ ነገርኳት።

«እትዬ፣ ፅንስ ጁምዓን ያከብራል እንዴ? ይሄ ነገር ከጠርሙሱ እንዳይሆን።»

ልብሱን ከነውሃው ለቀቀችው። «ለካ አንቺም ነሽ» አለችኝ። «እኔ ይህን ከባሌ እናት ነበር የምጠብቀው።»

ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን አላናገረችኝም። የሚገርመው፣ ቀጥሎ በመጣው ጁምዓ ቤቷ ብሄድ ከአልጋ አልተነሳችም፤ ስታስመልስ አድራለች። የሚቀጥለውም ጁምዓ እንዲሁ። አፈርኩ። የልጅ ነገር የማላውቀውን ምን አስቀባጠረኝ ብዬ፣ ይቅርታ እንዲሆነኝ ክር ገዝቼ የሕፃን ቆብ መሥራት ጀመርኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ከእሷ እኩል ጓጉቼ ነበር።

ሆዷ ግን አልገፋም። ፊቷ አመድ መሰለ፣ እጇ ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ የጥጡን ጫፍ ጥፍር ላይ ማሳረፍ እያቃታት ደንበኞች አጉረመረሙ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ለእህቴ ባይጠራ በወደድኩ። አማቷ አስገድዳ ሐኪም ቤት ወሰደቻት፣ እኔም ተከተልኩ። አዋላጇ ከመረመረቻት በኋላ የእህቴን እጅ ይዛ አገላብጣ አየች፣ አሸተተችም።

«ሥራሽ ምንድን ነው?»

«ጥፍር ነው የምሠራው።»

«ፅንስ የለም፣ እህቴ» አለቻት ቀስ ብላ። «ይሄ ነገር እየመረዘሽ ነው። ደምሽም የቀረው ከዚሁ ነው። ተይው።»

አማቷ ነጠላዋን አጣፍታ ከእኛ ቀድማ ወጣች። መንገዱን ሁሉ አንዴም ዞር ብላ አላየችንም።

ቤት ስንገባ ላስተኛት ብዬ ትራሱን ሳስተካክል አንዲት የመድኃኒት ብልቃጥ በጨርቅ ተጠቅልላ አገኘሁ። ክዳኑን ሳልከፍተው ከሽታው አሴቶን እንደሆነ አወቅሁ። ተናደድኩ፤ እንደዚያን ቀን በሰው ተናድጄ አላውቅም።

«ቤትሽ ድረስ ይዘሽው ትመጫለሽ? አብደሻል?»

እህቴ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኝታ ነበር። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም።

«ያንን ካልሽኝ ወዲህ ጁምዓ ጁምዓ ማቅለሽለሹ ዝም ሲለኝ እፈራ ነበር» አለችኝ። «ልጁ ጥሎኝ የሄደ ይመስለኛል። ያኔ ይሄን ሸተት አደርገዋለሁ። ያስመልሰኛል። አለ ማለት ነው ብዬ እተኛለሁ።»