እያሸነፈች ነበር

ባለፈው ጸደይ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ከአውቶቡስ ወርጄ ወደ ቤቴ ስሄድ፣ ከመናፈሻው አጥር ወዲያ አንድ ሰው አዲስ የቴኒስ ኳስ ቆርቆሮ ከፈተ። «ትስስ» አለ፤ ከአጭር ትንፋሽ የማይበልጥ ድምፅ ነው። ወዲያው ያ የጎማና የሱፍ ሽታ በነፋስ መጣና አፍንጫዬ ገባ። ቦርሳዬን የያዘው ግራ እጄ ከእኔ ቀድሞ አስታወሰ መሰለኝ፣ አንጓው ላይ ጠዘጠዘኝ። ቦርሳውን ወደ ቀኝ አዛውሬ ጥቂት ቆምኩ። እናቴና እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ያላነሳነው ስም በዚያ ሽታ ውስጥ ነበር።

እናቴ ጽጌና እኔ ያኔ ስካይላይን የሚባለው ሰፈር ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። ከአባቴ ጋር የተለያዩት እኔ ገና ሳልወለድ ስለሆነ፣ ቤቱ የእኔና የእሷ ብቻ ነበር። እናቴ አርሊንግተን ባለው ኤርፖርት ውስጥ ዊልቸር እየገፋች መንገደኞችን ከአውሮፕላን በር ወደ መውጫው ታደርስ ነበር፤ ኦስቫልዶንም ያገኘችው በዚሁ ሥራዋ ነው። አረጋዊ ስትጠብቅ፣ ትከሻው የሰፋ የሠላሳ አንድ ዓመት ሰው፣ አንድ ጉልበቱ እንደ ዳቦ አብጦ፣ ስድስት ራኬት የያዘ ቦርሳ አቅፎ ተቀምጦ ጠበቃት። እየገፋችው ሳለ በእንግሊዝኛ «ስፖርተኛ ነህ?» ብትለው፣ «ነበርኩ» አላት። ሳያለቃቅስና ሳይኮራ ስላለው ያቺን «ነበርኩ» እንደወደደችለት እናቴ ደጋግማ ትነግረኝ ነበር።

በዓመቱ ተጋቡ። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው የእናቴ ታላቅ እህት፣ እትዬ ብርቄ፣ ወሬውን ስትሰማ ደውላ «ጽጌ፣ ሰው ጠፍቶ ነው? ፓራጓይ ደግሞ የት ያለ አገር ነው?» አለቻት። እናቴም እየሳቀች፣ «እኔም ከዚህ በፊት ሰምቼው አላውቅ፣ እትዬ። እሱም መርካቶን አያውቅም፤ ተቻችለናል» ብላ መለሰችላት። ኦስቫልዶ አሌክሳንድሪያ ባለ አንድ የቴኒስ ክለብ ውስጥ ጀማሪዎችን የማሰልጠን ሥራ አገኘና እኔንም ማሰልጠን ጀመረ።

በበረዶው ወራት የውጭ ሜዳዎች ሁሉ ስለሚሸፈኑ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ የሕንፃችን ምድር ቤት ወዳለው ፓርኪንግ ይዞኝ ይወርድ ነበር። ከሁሉ የታችኛው ወለል ላይ መኪና ስለማይበዛ፣ በሲሚንቶው ግድግዳ ላይ በመረብ ቁመት ልክ በጠመኔ መስመር አስምሮልኝ፣ ጣቶቼ በብርድ ደንዝዘው ራኬቱ እስኪያመልጠኝ ድረስ ያስመታኝ ነበር። ዕረፍት ሲሰጠኝ ባልዲ ገልብጦ ይቀመጥና ጉልበቱን እያሸ ያለፈ ሕይወቱን ያወራልኝ ነበር።

አባቱ አሱንሲዮን ከተማ፣ በሀብታሞች ክለብ ውስጥ ቀዩን የቴኒስ ሜዳ እየጠረገ ውሃ የሚያጠጣ ሠራተኛ ነበር። ልጁ ሜዳውን ከሚጠርጉት ሳይሆን ከሚጫወቱበት ወገን እንዲሆንለት ስለተመኘ፣ በአሥራ ሦስት ዓመቱ ብቻውን አውቶቡስ ላይ አሳፍሮ አርጀንቲና ወዳለ ማሰልጠኛ ላከው። ኦስቫልዶ እዚያ አደገ። በሃያ ሦስት ዓመቱ አውሮፓ ሄዶ በአንድ ትልቅ ውድድር ሦስት ግጥሚያ አከታትሎ አሸነፈ፤ ፎቶው በአገሩ ጋዜጦች ወጣ፤ ስሙን ሰምተውት የማያውቁ ሰዎች አባቱን መንገድ ላይ እያስቆሙ መጨበጥ ጀመሩ። በአራተኛው ግጥሚያ ዋዜማ ግን ጉልበቱ አብጦ አልታጠፍ አለው። አሰልጣኙ ሐኪም ጠርቶ መርፌ አስወጋው፤ አባቱም በስልክ «አገር ሁሉ ሬዲዮ ከፍቶ እየጠበቀህ ነው» አለው። ተጫወተ፤ አሸነፈም። ከሁለት ቀን በኋላ ግን ከአልጋው መነሳት አቃተው።

ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ተመልካች በሌለባቸው ትናንሽ ከተሞች ከአውቶቡስ ወደ አውቶቡስ እየተዘዋወረ፣ በየመጀመሪያው ግጥሚያ እየተሸነፈ ኖረ። «ታዲያ ጡረታ የወጣኸው መቼ ነው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «አልወጣሁም፤ አንድ ቀን የሚጠራኝ ጠፋ» አለኝ። ልጅ ስለነበርኩ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

«ለምን እምቢ አላልክም? ያኔ፣ መርፌው ጊዜ?»

ኳሱን ሁለት ጊዜ ወለሉ ላይ አነጠረና፣ «አሞህ ይሆን ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም» አለኝ።

በረዶው ሲቀልጥ ወደ ሕዝብ ሜዳ እንወጣ ነበር። አማርኛውን የተማረው ከእናቴና ከኤርፖርት ጓደኞቿ ስለሆነ፣ ለወንድና ለሴት የሚባለውን አይለይም ነበር። ኳስ በሳትኩ ቁጥር «ድገም!» እያለ ይጮህብኝ ነበር፤ እኔም «ኢትስ ድገሚ!» ብዬ በእንግሊዝኛ እመልስለት ነበር፤ እሱ ግን «ድገም» እንዳለ ቀረ። ከቶ መትቶኝ አያውቅም፤ ሰድቦኝም አያውቅም። ስሸነፍ ግን ዝም ይል ነበር። ከውድድር ስንመለስ መኪናው ውስጥ አንድ ሰዓት ሙሉ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ይነዳ ነበር፤ እናቴም ከዝምታው ልትከልለኝ እየፈለገች ስለ አየሩ፣ ስለ ትራፊኩ፣ ስለ እትዬ ብርቄ ጎረቤት ታወራ ነበር፤ ቤት ስንደርስም ምግቤን አስቀምጣልኝ ፀጉሬን እያሻሸች ትቆም ነበር። እኔ ዝምታውን ከሕመም ሁሉ አብልጬ ፈራሁት። የክፍል ጓደኞቼ ልደት ሲጠሩኝ አልሄድም ነበር፤ ቆይተውም መጥራቱን ተዉት።

እናቴ በበኩሏ ወገቧን እያመማት ትርፍ ሺፍት እየጨመረች፣ ቤተ ክርስቲያን ላገኘችው ሁሉ «ልጄ በቴኒስ ስኮላርሺፕ ታገኛለች» ትል ነበር። እንዲህ ስትል የሚበራው ፊቷ ደስ ይለኝ ነበር፤ ያስጨንቀኝም ነበር።

አሥራ አራት ዓመት በሞላኝ ሰመር፣ የዩኒቨርሲቲ አሰልጣኞች መጥተው የሚያዩት ውድድር ደረሰ። ከዚያ ሁለት ሳምንት በፊት ጀምሮ የግራ እጄ አንጓ ያመኝ ነበር። በግራ በኩል የሚመጣውን ኳስ በሁለት እጄ ነበር የምመታው፤ ራኬቱን በጠመዘዝኩ ቁጥር ውስጡ ያለው ነገር እንደ አሮጌ ክር የሚሳሳ ይመስለኝ ነበር። ሰፊ የላብ ማሰሪያ አድርጌ ሸፈንኩት፤ ከእናቴ ቦርሳ የወገብ ሕመም ክኒኗን እየሰረቅሁ እውጥ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም፤ ሦስታችንም ለዚያ ቀን ስንኖር ቆይተን ነበርና፣ «አመመኝ» ማለት ቤቱን በላያችን ማፍረስ መሰለኝ።

ለፍጻሜ ደረስኩ። ከሪችመንድ የመጣች ቁመተ ረጅም ልጅ ነበረች ተጋጣሚዬ። የሜዳው ሙቀት በጫማዬ ሶል ይገባ ነበር። የመጀመሪያውን ዙር አሸነፍኩ፤ ሁለተኛውን ብደግም ግጥሚያው ያልቃል። በሁለተኛው ዙር አጋማሽ ግን ግራ እጄ ተወኝ፤ በሁለት እጄ እመታው የነበረውን ኳስ በቀኝ እጄ ብቻ እየገፋሁ መመለስ ጀመርኩ። ከተመልካቹ ማንም ልብ አላለም። እናቴ ጃንጥላዋን በብብቷ ሸጉጣ ታጨበጭብ ነበር። ኦስቫልዶ ግን በአጥሩ ሽቦ ውስጥ ጣቶቹን ሰድዶ፣ ኳሱን ትቶ እኔን ብቻ እያየ ቆሞ ነበር።

በዕረፍቱ ውሃዬን ላነሳ ወደ አጥሩ ስጠጋ፣ እያነከሰ መጣና ጎንበስ አለ።

«ደህና ነሽ?» አለኝ።

«ነሽ» አለኝ፤ በአምስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል። እኔም ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ የምመልሰው ልጅ፣ በአማርኛ «ደህና ነኝ» አልኩት። ፊቴን አላየም፤ እጄን አየ። ዳኛው ተጣራ፣ ልጅቷ ቦታዋን ያዘች፣ እሱ ግን አሁንም እጄን እያየ ነበር። ከዚያ ቀስ ብሎ ከአጥሩ ራቀና «ድገም» አለ።

የመጨረሻዋ ኳስ በግራዬ በኩል መጣች። ሳላስብ በሁለት እጄ መታኋት፤ መስመሩ ላይ አረፈች፤ እኔም ከእጄ ውስጥ ድምፅ ሰማሁ። ራኬቱ ወደቀ። እናቴ እልል እያለች ሜዳ ገብታ አቀፈችኝ። ሳለቅስ ያዩኝ ሁሉ የደስታ መስሏቸው አጨበጨቡልኝ።

ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና አደረግሁ፤ እጄ ግን ከዚያ ወዲህ የጠርሙስ ክዳን እንኳ አጥብቆ አያውቅም። ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር፣ በአንዱ ቀጠሮ ላይ ሐኪሙ ለእናቴ «ይህ ጉዳት የአንድ ቀን አይደለም፤ ስትጫወት ላያት ሰው ይታወቅ ነበር» አላት። በተከታዩ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ እናቴ ነጠላዋን ሳታወልቅ ኦስቫልዶ ወዳለበት ወጥ ቤት ገባች። እኔ ክንዴ በጀሶ ታስሮ በሩ ላይ ቆምኩ።

«የእኔን የወገብ ሕመም ከአረማመዴ ታውቀው የለ? የእሷን አላየህም?» አለችው።

«አየሁ።»

«መቼ?»

«ሁለተኛው ዙር ላይ።»

«አይተህ ዝም አልክ?»

ኦስቫልዶ ቀና ብሎ አየኝ። «ጠይቄያት ነበር» ቢል ይበቃው ነበር፤ እውነትም ነበር። እኔም አፌን ብከፍት ይበቃ ነበር። ዓይኑን ከእኔ ላይ አነሳና ለእናቴ መለሰላት፤

«እያሸነፈች ነበር።»

እናቴ አልጮኸችም። ነጠላዋን አውልቃ አጣጠፈችው፤ ወንበር ላይ አኖረችው፤ «ልብስህን ሰብስብ» አለችው። ከሰዓት በኋላ የራኬት ቦርሳውንና ሁለት ፌስታል ይዞ ወጣ። በአጠገቤ ሲያልፍ መዳፉን አናቴ ላይ አሳረፈ፤ እኔም ቀና ብዬ አላየሁትም። እያነከሰ ወደ አሳንሰሩ ሲሄድ እርምጃውን እሰማ ነበር፤ ከዚያ በሩ ተዘጋ።

ቆይቶ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤዝመንት መከራየቱን ከእትዬ ብርቄ ሰማን። «አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ አየሁት፤ ከስቷል፤ ስለ ልጅቷ እጅ ጠየቀኝ» አለች። እናቴ ወሬ ቀየረች። ከጥቂት ዓመት በኋላ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ እዚያም ሞተ። እህቱ የቤታችንን ስልክ ቁጥር ከማስታወሻው አግኝታ ደውላ ነገረችን።

ባለፈው ጸደይ፣ የኳሱ ሽታ በመጣብኝ ሳምንት ለእናቴ ተናገርኩ። እሷ አሁንም እዚያው አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ናት፤ ከሥራ ወጥታለች፤ ወገቧ ጎብጧል። «እማዬ፣ ያን ቀን ጠይቆኝ ነበር። ደህና ነኝ ያልኩት እኔ ነኝ» አልኳት። «አሁን ምን ላድርግበት?» አለችኝ።

እኔ ዛሬ እሱ በዚያ አጥር አጠገብ ከቆመበት ዕድሜ ጥቂት ብቻ ነው የሚቀረኝ፤ ልጅ ሲዋሽ ይታወቀኛል። እሱም ታውቆት ነበር። ያኔ፣ እያወቀ ስለተወኝ ልጠላው እሞክር ነበር፤ ጥላቻው ዝምታዬን ያቀልልኝ ነበር። አሁን ግን ያን ከሰዓት ሳስበው፣ ከአጥሩ ግራና ቀኝ ቆመን ሁለታችንም ያቺን ድል እኩል እንደፈለግናት አያለሁ። እኔ ግን ቤት ቀረሁ፤ የወጣው እሱ ነው።