የአውድማው ምት

የመሠረተ ትምህርት ክፍሌ ኅዳር ሲገባ ባዶ ቀረ። ከሸዋ ሮቢት ወጣ ባለው ቀበሌ የማስተምራቸው ገበሬዎች ሁሉ ማሽላ ውቂያ ላይ ነበሩ። እኔም የስም መጥሪያ መዝገቤን ይዤ አውድማቸው ድረስ ሄድኩ።

«ለመምህር በትር ስጡት» አለ አንዱ። «ወላሂ፣ በፊደል የተወቃ ማሽላ እስካሁን አላየንም።»

ሳቁ ሳያበቃ ከመስኖው ኩሬ በኩል ጩኸት ተሰማ። ውሃ ሊቀዳ የወረደ ገበሬ፣ ከተማሪዎቼ አንዱ፣ አዳልጦት ገብቷል። ዋና አይችልም። ጎትተው ሲያወጡት አይተነፍስም፤ አንገቱ ላይ ጣቴን ባሳርፍ የደም ሥሩ አይመታም።

በክረምቱ የመጀመሪያ ዕርዳታ ስልጠና ወስጄ ነበር። ነገሩ ሲያስረዱት ቀላል ነው፤ ልብ እንደ ውሃ መሳቢያ ፓምፕ ነው። ሲጫኑት ደሙን ይገፋል፣ ሲለቁት ይሞላል። ቢቸኩሉ ሳይሞላ ይቀራል፤ ቢዘገዩ ደሙ ጭንቅላት አይደርስም። ስለዚህ አሰልጣኛችን ፍጥነታችንን የሚጠብቅልን ዘፈን እንድንይዝ መከረን። እኔ የመረጥኩት ተማሪዎች ጠዋት የሚሰለፉበትን መዝሙር ነበር። አሥራ አምስት ጊዜ ደረቱን መጫን፣ ሁለት ጊዜ አፉ ውስጥ መተንፈስ፤ ያኔ የተማርነው እንዲህ ነው።

መዝሙሩን ጮክ ብዬ እየዘመርኩ ጀመርኩ። ብዙም ሳልቆይ ክንዴ ዛለ፣ ትንፋሼ አጠረ። ዘማሪውም ተጫኙም እኔው ስለነበርኩ መዝሙሩ ከእጄ ጋር አብሮ ተጎተተ።

«ተነስ፣ እኔ ልተካህ» አለኝ አንድ ወጠምሻ።

«አይሆንም። ያልሰለጠነ ሰው አይነካውም።»

የአውድማው መሪ የነበሩት ሽማግሌ ጎንበስ ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ እጅህ ደክሟል። ለደንብህ ስትል ሰውዬውን ልትገድለው ነው?»

ወጠምሻውን በአገጬ ጠራሁት። «ምቱን ይያዙልኝ፣ ጋሼ» አልኩ።

በጭብጨባ የውቂያውን ዜማ አነሱ፤ ሌሎቹ ተቀበሉ። በስልጠናው ከለመድኩት ፍጥነት ጋር ገጠመ።

ውቂያ ላይ ሰው ሲደክም ሥራው አይቋረጥም። የደከመው በትሩን እንዳነሳ ወደ ኋላ ይላል፣ ተተኪው በዚያው ምት ይገባል። ወጠምሻውም ትይዩዬ ተንበርክኮ ባዶ እጁን ከእጄ ጋር እኩል ሲያነሳና ሲያወርድ ቆየ። ከዚያ «ቢስሚላህ» ብሎ ገባ። አንድም ምት አልጎደለም። መዳፉ የሚያርፍበትን ቦታ አስተካከልኩለትና ትንፋሽ መስጠቱን እኔ ያዝኩ። ወደ ሰጠመው ሰው አፍ ጎንበስ ስል ተጫኙ እጁን ያነሳል፤ ዜማው ዝቅ ይላል እንጂ አይቆምም። እሱ ሲዝል ሌላ ገባ፣ ከዚያም ሌላ። የሰውዬው ፊት ግን አሁንም አመድ መስሎ ነበር።

አራተኛው ሰው እየተጫነው ሳለ ውሃው ከአፉ ወጣ። በጎኑ አስተኛነው። ሳለ፣ እንደገና ሳለ። ሽማግሌው ማጨብጨባቸውን ያቆሙት ደረቱ በራሱ ሲነሳና ሲወርድ ካዩ በኋላ ነው። ወዲያው በቃሬዛ አድርገን ከተማው ጤና ጣቢያ አደረስነው።

ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያ ዕርዳታን ለሌሎች ሳስተምር አንድ ነገር እጨምራለሁ፤ የሚጫነው ሰው አይዝፈን፣ ሌላ ይዝፈንለት። እጁም ሲዝል ቦታውን ይልቀቅ።

ሰውዬው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ክፍል መጣ። ስሙን ስጠራ ጎኑን ይዞ ቀስ ብሎ ተነሳ።

«አለሁ፣ መምህር። ጮክ ብዬ አቤት እንዳልል ግን እንደ ማሽላ ወቅታችሁኛል።»