ዘር የሌለው ፖም

ሞባይል የሚባል ነገር ገና ባልነበረበት ዘመን ነው። ሃያ ሁለት ሰፈር ያለው ግቢያችን ውስጥ የነበረው ፖም በየዓመቱ ያብባል፣ ፍሬ ግን አይዝም። ሰርቪስ ቤታችንን የተከራየችው ሒሩት የግብርና ተመራማሪ ናት። አንድ ቀን ዛፉን አየችውና «ብቸኛ ስለሆነ ነው፤ የሌላ ፖም የአበባ ብናኝ አያገኝም። በሆርሞን እናታልለዋለን» አለች።

አበባውን ስትረጭ የበልጉ ሰማይ ጠቁሮ ነበር። ቀና ብላ አየችውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ክረምቱ ሳያልቅ ቅርንጫፉ በቀይ ፖም ጎበጠ። ሰው እንዲህም ይችላል! አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

እናቴ ግን እልልታዋን አቀለጠችው። «ለማርያም ተስዬ ነበር፤ ሰማችኝ!»

ደሜ ፈላ። «እማዬ፣ የሒሩት ሥራ እኮ ነው!» ብዬ አንዱን ፖም ለሁለት ሰነጠቅኩት። ውስጡ አንድም ዘር የለም። «አየሽ? ያለ ብናኝ፣ በሆርሞን ስለያዘ ነው።»

«እመቤቴ ዘሩን ለቅማ ብትሰጠኝ አንተን ምን አገባህ?» አለችኝ።

በማርያም ዕለት ፖሙን በቅርጫት አሸክማኝ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ስለት የሚያስገቡት ተሰልፈዋል፤ እኔም እያጉረመረምኩ ቆምኩ። ከፊታችን አዲስ ጃንጥላ ታቅፋ የቆመች ሴት ዞር ስትል ሒሩት ናት።

«አንቺም?» አልኳት።

«መርጨቱንማ እኔ ረጨሁት» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሳይደርቅ ዝናብ እንዳያጥብብኝ ለማን ልንገር?»