የመርከብ አረፋና የግመል ውሃ

ጅግጅጋ ያለው አዲሱ የዩኒቨርሲቲ ግቢ በተከፈተ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የቤተ ሙከራ ቴክኒሻን ሆኜ ተቀጠርኩ። ያኔ አርባ ዓመት አልፎኛል። ባሕር ያየሁት በሕይወቴ አንድ ጊዜ፣ በአይሻ በኩል ጅቡቲ ዕቃ ልናመጣ ስንሄድ ነው። ስለዚህ አንዲት ወጣት መምህርት፣ ለሁለተኛ ዲግሪዋ የምታጠናው በመርከብ ዙሪያ በሚናወጥ ውሃ ውስጥ ያለውን የአረፋ መጠን እንደሆነ ስትነግረኝ የምትቀልድ መስሎኝ ነበር።

“እዚህ ጅግጅጋ?” አልኳት።

“ውሃ የትም ያው ውሃ ነው፣ ጋሼ።”

ከዚያ በትዕግሥት አስረዳችኝ። መርከብ ሲሄድ አየር እየጎተተ ውሃ ውስጥ ያስገባል። ትልልቁ አረፋ ቶሎ ወደ ላይ ወጥቶ ይጠፋል። ደቃቁ ግን በመርከቡ ሥር ተንሸራቶ መርከቡን እስከሚገፋው ተሽከርካሪ መቅዘፊያ ድረስ ይደርሳል፤ ከኋላም ነጭ መንገድ ሆኖ ብዙ ይቆያል። የአረፋውን መጠን የሚያሰላ ሞዴል ሠርታለች፤ የቀራት ስሌቱን ከእውነተኛ ውሃ ጋር ማስተያየት ነበር።

የመስታወት ገንዳ ከተማ ውስጥ አሠራን። እኔ ከተበላሸ የልብስ ማጠቢያ ሞተር ፈትቼ ማማሰያ ሠራሁላት። ፎቶ ታነሳና አረፋዎቹን አንድ በአንድ ትለካለች። ላግዛት ብዬ ሃያ እንኳ ሳልሞላ ዓይኔ ደከመ፤ እሷ ግን ለአንድ ፎቶ ግማሽ ቀን ትቀመጥ ነበር።

ለሳምንታት ስሌቱና ልኬቱ ገጠመ። አንድ ሰኞ ግን ሞተሩን ስናስነሳ ውሃው እንደ ወተት ነጣ፤ አረፋው ሁሉ ደቃቅ ሆነ። ሳሙና ቀርቶበት ይሆናል ብለን ገንዳውን ደጋግመን አጠብን፤ ሞተሩንም ፈትቼ ገጠምኩ። ለውጥ የለም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ በራሱ ጊዜ ወደ ድሮው ተመለሰ።

“የነዚህን ሁለት ሳምንታት ተይው” አልኳት። “ሌላው ልክ ነው። ማን ይጠይቅሻል?”

“እኔ እጠይቃለኋ” አለች፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ።

የፎቶዎቹን ቀን ይዛ ግቢው ድረስ ውሃ የሚያመጣልንን የቦቴ ሹፌር ፍለጋ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። ሹፌሩ ጢሙን በሂና ያቀላ የሶማሌ አዛውንት ነው።

“አዴር፣ በነዚህ ቀናት ውሃው ከየት ነበር?” አለችው፣ እንደ አካባቢው ወግ አጎቴ ብላ።

“የወትሮው ጉድጓድ ፓምፕ ተበላሽቶ ነበር” አላት። “ከግመሎቹ ጉድጓድ አመጣሁ። ጨው ነው፣ ለሰው አይሆንም ብዬ ለዘበኛው ነግሬያለሁ።”

እኔ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም፤ ከዚያው ጉድጓድ አንድ በርሜል እንዲያመጣላት ለመነችው። በማግስቱ አመጣ። ቀመሰችው፣ ፊቷን አጨማደደች፣ ሞተሩን አስነሳች። ገንዳው ነጣ።

“ጨው ሲኖር አረፋዎቹ ተነካክተው አይዋሃዱም፤ ደቃቅ እንደሆኑ ይቀራሉ” አለችኝ። ቀጥላም በሐፍረት፣ “ይህን አንብቤው ነበር፣ ጋሼ። መርከቡ የሚሄደው በጨው ውሃ ላይ ነው፤ እኔ ግን ስሌቴን የሠራሁት ለመጠጥ ውሃ ነው።”

ዲግሪዋን የምትማርበት የአዲስ አበባው አማካሪዋ የተሠራው ይበቃል ብሏት ነበር። እሷ ግን የምረቃ ጊዜዋን አሳልፋ ሁሉንም እንደ አዲስ ጀመረች፤ ጨውን እየመዘነች፣ እየጨመረች፣ እየለካች። እንደዚያ ያለ ሰው ከዚያ በፊት አላየሁም። እኔ ብሆን በሁለቱ ሳምንታት ላይ ዝም እል ነበር።

በዓመቱ አዲስ አበባ ሄዳ ጥናቷን አቀረበች፤ አለፈች። የታተመውን ይዛ ስትመለስ የምስጋናው ገጽ ላይ “ውሃው ከየት እንደመጣ ለነገሩን የቦቴ ሹፌር” የሚል አየሁ። ገጹን ፎቶ ኮፒ አድርጌ ወስጄ፣ በተሰባበረ ሶማልኛዬ ለሽማግሌው አነበብኩለት።

“ይህ ሁሉ ለአረፋ?” አለኝ።

“ለአረፋ” አልኩት።

ወረቀቱን ከእጄ ተቀበለኝ፤ በጥንቃቄ አጥፎ ከመኪናው ሊብሬ ጋር አስቀመጠው።