የፀሐይ ምድጃውን ማን አዞረው

ባለፈው ሳምንት አንድ ጨዋ ወጣት ለኮንዶሚኒየማችን ጣሪያ የሚሆን የፀሐይ ውኃ ማሞቂያ ሊሸጥልን መጥቶ ነበር። ፀሐይ ጭስ የላትም፣ አታልቅም፣ ቆጣሪ አይቆጥርባትም፣ ባጭሩ ጉዳት የሚባል ነገር አታውቅም አለኝ። ራሴን ነቀነቅሁለት። ልጁ አያውቅም እንጂ እኔ ስለ ፀሐይ ኃይል ከእሱ በፊት ሠልጥኛለሁ፤ ያውም በደርግ ጊዜ፣ በቀበሌ ደረጃ፣ በግዴታ።

ያኔ የምንኖረው ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወዲያ፣ ገርጂ ነበር። ዛሬ ታክሲ የሚጋፋበት፣ ኢምፔሪያል የሚባለው ቦታ ያኔ ማሳ ነው። አባታችን ቀደም ብሎ ስለሞተ ቤቱ ውስጥ እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜና እኔ ነበርን። በቀበሌው መዝገብ ግን ያለነው እናትና ሴት ልጅ ብቻ ነን። ወንድሜ ዕድሜው ለብሔራዊ ውትድርና ሲደርስ እናቴ "አርሲ፣ አጎቱ ዘንድ ለእርሻ ሄዷል" ብላ አስወራች። እርሻው ጓዳችን ውስጥ ነበር። ከእናቴ አልጋ ጀርባ ተኝቶ ያድራል፣ በመስኮቱ መዝጊያ ስንጥቅ ግቢውን እያየ ይውላል። ከተያዘ ወደ ሰሜን ግንባር እንደሚላክ እናውቃለን። ከዚያ ስንት ሰው እንደሚመለስም ሰፈሩ በየለቅሶው ያውቀዋል።

እንዲህ ወንድሜን ደብቀን ስንኖር ነው ከአንድ ወዳጅ ሶሻሊስት አገር ለቀበሌያችን የፀሐይ ምድጃ የተለገሰው። ላምባ በሰልፍ የሚገኝበት፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ሳይቀር የሚወደድበት ጊዜ ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር ሕዝቡን ሰብስበው እንጨት እየቆረጥን አገሪቱን ራቁቷን እንዳስቀረናት፣ ፀሐይ ግን ለጭቁኑ ሁሉ እኩል እንደምትወጣ ነገሩን። ንግግራቸው ሲያልቅ እኩል የምትወጣው ፀሐይ ጠልቃ ነበር።

ምድጃው ትልቅ ሰፌድ የሚያክል፣ ጎድጎድ ያለ፣ እንደ መስታወት የሚያበራ ቆርቆሮ ነው። መሃሉ ላይ ድስት የሚቀመጥበት ብረት አለው። ዛፍ የማይጋርደው ግቢ ሲፈለግ የእኛ ተገኘ። እናቴ ያለችንን ሁለት ዛፍ ማገዶ ብትቸገር ጊዜ አስቆርጣ ነበር፤ ለዚሁ ጥፋቷ "አርአያ እናት" ተባለች። መንግሥት የሰጠውን አልፈልግም ማለት ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያስነሳል፤ ጥያቄው ጓዳ ድረስ ሊገባ ይችላል። እናቴ አመስግና ተቀበለች።

ጥቅሙን አልክድም። የእናቴ ዓይን ከጭስ አረፈ። ላምባ አይጠይቅ፣ ከሰል አይጠይቅ። እንጀራ ግን አይጋግርም፤ ደመና ሲመጣ ያኮርፋል፤ ክረምቱን ሙሉ ዕረፍት ይወጣል፤ ራት የሚባል ነገር መኖሩንም ሰምቶ አያውቅም። አንድ ሰሞን እንዲያውም ነጸብራቁ ለአውሮፕላን ምልክት ይሰጣል ተብሎ ተጠርጥሮ ነበር። ኢምፔሪያሊዝም የእኛን ሽሮ መብሰል አለመብሰል ከሰማይ የሚከታተል ይመስል።

ከሁሉ የባሰው ግን ወጥን አደባባይ ማውጣቱ ነው። እናቴ ድስቷን ከሰው ዓይን ስትከድን የኖረች ሴት ናት። አሁን ባጥሩ በኩል የሚያልፍ ሁሉ አንገቱን አስግጎ "ዛሬ ደግሞ ምስር ነው?" ይላል፤ እሷም "እንብላ" ማለት አለባት። ዓይን ይገባበታል ከሚለው ይልቅ ያስፈራት ግን ድስቱ ለስንት ሰው እንደሚበቃ መታየቱ ነበር። ስለዚህ የሁለት ሰው ወጥ ሰፈሩ እያየ በፀሐይ ይበስላል፤ የሦስተኛው ድርሻ ጓዳ ውስጥ በከሰል። ወንድሜ በቀበሌው የቀረ ብቸኛ አድኃሪ ተመጋቢ ሆነ።

ምድጃው ሌላም አመል ነበረው። ፀሐይ ስትሄድ አብሯት አይሄድም፤ እየቆዩ በእጅ ካላዞሩት ድስቱ ይቀዘቅዛል። እናቴ ሥራ ስለሚበዛባት ትረሳዋለች። ወንድሜ ግን በስንጥቁ ከማየት ሌላ ሥራ ስለሌለው እሱ ይጠብቅላታል። "እማዬ፣ ጥላ ገባበት፤ ትንሽ ወደ ቀኝ" ይላል በሹክሹክታ። እሷም የምታጥበውን ልብስ ትታ ሄዳ ታዞራለች።

አንድ እሑድ ጠዋት ነዋሪው በሙሉ ለስብሰባ ተጠራ። እናቴ ምስሯን ጥዳ፣ የግቢውን በር ከውጭ ቆልፋ፣ ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ እኔን አስከትላ ወጣች። ስብሰባው ቶሎ ያልቃል ብላ ነው። ይህን ያህል ዓመት ስብሰባ የተቀመጠች ሴት ያንን ተስፋ ከየት እንዳመጣችው እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ፀሐይ ካናታችን ካለፈች በኋላ፣ ሊቀመንበሩ ምድጃውን የለገሰው አገር ባለሙያ መምጣቱን፣ አሁኑኑም የአርአያዋን እናት ቤት እንደሚጎበኝ አበሠሩን።

መንገድ ላይ እናቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "ጥሬውን ነው የሚያገኙት፤ መዋረዴ ነው" አለችኝ። በዚያች ሰዓት የፈራችው ያንን ብቻ ነበር።

ቁልፉን ካንገቷ አውጥታ በሩን ከፈተች። ምድጃው ፊቱን ቀጥ አድርጎ ወደ ከሰዓት በኋላዋ ፀሐይ አዙሯል። ምስሩ ይንተከተካል።

እንግዳው እንደ ልጅ ደስ ብሎት አጨበጨበ፤ ያየ ሁሉ አጨበጨበ። ከዚያ በአስተርጓሚው በኩል እንዲህ አሳምሮ ያዞረው ማን እንደሆነ ጠየቀ።

"እኔው ነኝ" አለች እናቴ። "ጠዋት ስወጣ አዙሬው ነው የሄድኩት።"

እንግዳው ሳቀ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እውቀቱን ሊሰጠን የመጣ ሰው ነው፤ ስለዚህ ሰጠን። ጠዋት ፀሐይዋ በማሳው በኩል እንደነበረች፣ አሁን ወደ አውሮፕላን ማረፊያው እንደዞረች በጣቱ አሳየ። ምድጃው በጠዋቱ ቦታ ቢቆይ ምስሩ ጥሬ ይሆን እንደነበር፣ ከጥቂት ደቂቃ በፊት የሰው እጅ እንደነካው አብራራ። አስተርጓሚው አንዲት ቃል አልዘለለም። ያን ያህል ታማኝ ትርጉም ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ሰምቼ አላውቅም።

ሊቀመንበሩ የእናቴን ቁልፍ አዩ፤ የተዘጋውን የጓዳ መስኮት አዩ። "ጓድ እንግዳችን ልክ ናቸው" አሉ በትሕትና። ከምስሩም ቀምሰው አደነቁ።

የእንግዳው መኪና ገና ሳይርቅ ሊቀመንበሩ ከሁለት የአብዮት ጥበቃዎች ጋር ተመለሱ። ፍተሻ አላስፈለጋቸውም። ወንድሜ እናቴን እንዳይገፈትሯት ብሎ ራሱ ወጣ። ወራት ሙሉ ጫማ ስላላደረገ ለማሰር ጊዜ ወሰደበት። እናቴ አጠገቡ ቁጭ አለች።

"ምን አግብቶህ አዞርከው?" አለችው።

"ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሳችሁም" አላት። "ርቧችሁ መጥታችሁ ጥሬ ምስር ልትበሉ ነው?"

ወሰዱት። አልተመለሰም። ቀበሌያችን በፀሐይ ኃይል አጠቃቀሙ ተመሰገነ፤ እናቴም ከነጥቁር ልብሷ ተጠርታ መድረክ ላይ አጨበጨበች። እነዚያን ሰዎች እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳቸውም። እናቴ ግን ስለ እነሱ አንድም ቀን ክፉ ቃል ሲወጣት አልሰማሁም። እስክትሞት ድረስ ምስር በቀረበ ቁጥር እጇን ከገበታው ላይ ትመልስና፣ ለማንም ሳይሆን "ጥሬውን እኮ እበላው ነበር" ትላለች።