የፊት እግር ወጌሻ

መካኒኳን ሾፌሮች «ወጌሻዋ» ይሏታል። የፊት እግሩ የተጎዳ መኪና ሲመጣላት እንደ ሰው አጥንት በጣቷ ትዳብሰዋለች፤ ስብራቱን ሳታገኝ መፍቻ አታነሳም።

ያን ቀን ታናሽ ወንድሟ የበሽተኛ ማመላለሻዋን ፒካፕ እያስነከሰ አመጣት። ከወንዙ ማዶ ላሉት መንደሮች ያለችው መኪና እሷ ብቻ ናት። የግራውን ጎማ የሚይዘው የታችኛው ክንድ ከሻሲው ጋር የሚያያዝበት ቦታ ተሰንጥቋል።

«እትዬ፣ ይሄን ልፍስፍስ እግር ነቅለሽ ድፍን አክስል ግጠሚልኝ» አላት። «ከሻጩ ጋር ዋጋ ጨርሻለሁ። ግራና ቀኙን እንደ ቀንበር የሚያያይዝ ብረት ነው፤ አይሰበርም።»

«እሱ አይሰበርም፤ በሽተኛህን ግን ይሰብራታል» አለችው ከመኪናዋ ስር። «አሁን አንዱ ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ሌላው መሬቱን እንደያዘ ይቀራል። በድፍኑ አንዱ ሲዘል ሁለቱም ይዘላሉ። ኋላ የምትተኛውን ነፍሰ ጡር አስባት እንጂ።»

«መንገድ ላይ ከቀረሁስ ማን ያስባታል?»

እውነቱን ነው። መልሷን በሥራ ልትሰጠው ተነሳች። ስንጥቁ እንዳይቀጥል ጫፉን በስታ፣ ሞርዳ በየደችው። ከላዩ ወፍራም ላሜራ ደረበች፤ ጫናው አንድ መስመር ላይ እንዳያርፍ ጫፉን እንደ ዓሣ ጅራት ቆረጠችው። የግራና የቀኝ ክንድ መያዣዎችንም በአንድ ብረት አስተሳሰረቻቸው።

«ጎማውን የምታዞረዋን ዘንግ፣ ሰሚያሷንስ? አወፍሪያት እንጂ» አለ ወንድሟ።

«እሷን አልነካም። አንድ የሚሰበር ነገር ይኑርህ። እሷ ብትሰበር በኋላ ጎማ እየተገፋህ ቤትህ ትገባለህ፤ እሷን ካደነደንኳት ኃይሉን ለጎማዎቹ የሚያካፍለው ዲፈረንሻልህ ይፈረካከስና እዚያው ታድራለህ።»

ሌላው መካኒክ ሥራውን የሚፈትነው መሪ ይዞ ነው። ወጌሻዋ ግን ኋላ ገብታ የበሽተኛው አልጋ ላይ በጀርባዋ ተዘረጋች።

«ንዳ» አለችው። «እኔን እንደጫንክ ሳይሆን፣ ምጥ የያዛት ሴት እንደጫንክ ሆነህ።»

ወንዙን በድንጋዩ ላይ ተሻገሩ። ማዶ ሲደርሱ አቁሞ በደረቱ ተኛና ከስር አየ፤ ብየዳው ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ የለም። በሩን ከፈተላት።

«እንዴት ነው?»

«ግራው ሾክ ደርቋል፤ ወገቤን ነካ አድርጎኛል። ተመለስ፣ እንቀይረዋለን።»

ሳይከራከር ስልኩን አውጥቶ ሻጩ ዘንድ ደወለ። «ወንድሜ፣ አክስሉን ለሌላ ሰው ስጠው።»

«ለአሸዋ ጫኝ ስጠው በለው» አለች ከኋላ፣ ወገቧን እያሻሸች። «አሸዋ ወገብ የለውም።»